ያልተጸለየለት መደብ

የተማሪዎቼን የተግባር ሥራ ደብተር ሳርም «ግብዓቶች» በሚለው ርዕስ ሥር ብዙ ጊዜ አምስት ነገር ተዘርዝሮ አገኛለሁ፤ ዘር፣ ኮምፖስት፣ ውሃ፣ ጉልበት፣ ጸሎት። የመጀመሪያዎቹ አራቱ መጽሐፉ ላይ ስላሉ ነጥብ ይይዛሉ። አምስተኛው ላይ ስደርስ ቀይ እስክሪብቶዬ ይቆማል። ኤክስ ላድርግበት ብል የምሰርዘው ማንን እንደሆነ አውቃለሁ። ራይት ላድርግበት ብል የማረሚያ መመሪያው ላይ የለም። አንዱማ መጠኑን ጭምር ጽፎ ነበር፤ «ጸሎት፦ በኪሎ ሳይሆን በትጋት»። ለእሱ ግማሽ ነጥብ ሰጠሁት። ለአማርኛው ነው።

የማስተምረው ሶዶ ከተማ፣ ዳሞታ ተራራ ሥር ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ሶዶ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ከሆነች ወዲህ ባለሥልጣን በዝቶባታል፤ የግብርና መምህር ግን እንደ ድሮው ጥቂት ነው። ግብርና በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኖ ሲመጣ፣ አንዳንዶቻችን ከወረዳ ጽሕፈት ቤት ወደ ጠመኔ ተሻገርን። ጭቃው ቀረልን ብለን ነበር። አልቀረልንም። ትምህርት ቤቱ ከአጥሩ ጥግ አንድ ቁራሽ መሬት ቆረሰና «ይኸው ቤተ ሙከራህ» አለኝ።

ጎጃሜ ነኝ። ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ተመድቤ መጣሁ፣ ተመረቅሁ፣ ቀረሁ። ጤፍና በሬ ሲያይ ያደገ ሰው፣ እንሰት፣ ቦይና (ጎደሬ)፣ ስኳር ድንችና ካሳቫ እየቆፈሩ ባደጉ ልጆች ፊት ቆሞ የሥራሥር ሰብል ሲያስተምር ማየት የፈለገ ክፍሌ ይግባ። «ቦይና ምን ዓይነት አፈር ይወዳል?» ብዬ ስጠይቅ የምጠብቀው መጽሐፉ ላይ ያለውን መልስ ነው። የሚመጣልኝ ግን «የትኛው ቦይና ቲቸር?» የሚል ነው። ከአረካ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጣውን «ቦሎሶ 1» የተባለ ዝርያ እኔ የማውቀው በጥናት ጽሑፍ ነው፤ እነሱ በድስት።

ሌላው አጥብቀው የሚያውቁት እግዚአብሔርን ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ መሠረት ከዞኑ ሕዝብ ከአስሩ ሰባት ያህሉ ፕሮቴስታንት፣ ሁለት ያህሉ ኦርቶዶክስ ነው። ክፍሌም በዚያው ቁና የተሰፈረ ይመስላል። ቃለ ሕይወት አለ፣ መካነ ኢየሱስ አለ፣ ሙሉ ወንጌል አለ፣ ሐዋርያት አለ፣ ከዱቦ የመጡ ካቶሊኮች አሉ፣ በመስኮቱ በኩል ሙስሊሞች አሉ፣ ማተብ ያሰርን ደግሞ እኔና ጥቂት ልጆች ነን። በሃይማኖት ተከራክረው አያውቁም ብል ውሸት ይሆንብኛል። ክርክሩ የሚደረገው ግን የኮምፖስት ጉድጓድ ዙሪያ አካፋ ተይዞ ስለሆነ ሥራው አይቆምም፤ እንዲያውም የጦፈ ክርክር በነበረ ቀን ጉድጓዱ ቶሎ ይገለበጣል።

የሚገርመኝ የእኔን ጾም የሚጠብቁልኝ እነሱ መሆናቸው ነው። ወላይታ የሥጋ አገር ነው። የአዲስ አበባ ቁርጥ ቤት የሚኩራራበት በሬ እዚህ ሰው ጓሮ ውስጥ፣ ከቤተሰቡ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር እያደረ የሚሰባ ነው። ረቡዕ ቀን ሉካንዳ በር ላይ ቆሜ ሰው ስጠብቅ ታዲያ፣ አንዷ ጴንጤ ተማሪዬ ከአስፋልቱ ማዶ ሆና «ቲቸር! ዛሬ ረቡዕ ነው እኮ!» ትላለች። ባለ ሉካንዳው ይሰማል። የባጃጁ ሾፌር ይሰማል። የንስሐ አባቴ ሩቅ አገር ናቸው፤ ምክትሎቻቸው ግን እዚህ ሞልተዋል።

እንግዲህ ወደ ጎመኑ ልምጣ።

ጥቅምት ላይ ጥቅል ጎመን አዛመትን። ሁለት መደብ ነው፤ ስፋታቸው እኩል፣ ችግኛቸው አንድ ላይ የፈላ፣ ውሃቸው በአንድ ጣሳ የሚለካ። አንደኛው ኮምፖስት ያገኛል፤ ሁለተኛው ምንም አያገኝም። ይኸኛው «ኮንትሮል» ይባላል። ኮምፖስቱ ምን እንደሠራ የሚታወቀው ምንም ያላገኘውን አጠገቡ አቁሞ በማየት ነው ብዬ አስረዳሁ። ጻፉ። ከዚያ ከፊት ወንበር አንድ እጅ ወጣ።

«ቲቸር፣ ኮንትሮሉ ምን አጠፋ?»

«ምንም አላጠፋም።»

«ታዲያ ለምን ይቀጣል?»

ክፍሉ ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም። እሑድ እሑድ ከመዘምራን ጋር የምትቆም፣ ሒሳብም የምትችል ልጅ ናት። ሁለቱን አንድ ላይ የያዘ ተማሪ ለአስተማሪ ያሰጋል። ቅጣት አይደለም፣ ማነጻጸሪያ ነው አልኩና አለፍኩ።

ሳምንታት ሲያልፉ የኮምፖስቱ መደብ ቅጠሉን ዘርግቶ መጠቅለል ሲጀምር፣ ኮንትሮሉ ከታች በኩል ቢጫ ሆነ። ተክል ናይትሮጅን ሲያጥረው ካረጀው ቅጠል እየቀማ ለለጋው ይሰጣል፤ ለዚህ ነው ቢጫነቱ ከታች የሚጀምረው። ለእኔ ያማረ ማስረጃ ነበር። ልጆቹ ያዩት ግን ረሃብ ነው። ታላቅ የራሱን ትቶ ለታናሽ ሲያበላ የሚያውቁት ከመጽሐፍ አይደለም። ማሳው ሁሉ ለምልሞ ማጀቱ ባዶ የሚሆንበትን ወቅት፣ ውጭ አገር ሰዎች ሳይቀሩ «አረንጓዴ ረሃብ» ያሉትን፣ ወላጆቻቸው ዓመቱን ጠርተው ይነግሯቸዋል።

ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 11 መንግሥትንና ሃይማኖትን ለያይቷል። ትምህርት ቤታችንም ያከብረዋል፤ ስለዚህ የልጆቹ የምሳ ሰዓት የጸሎት ሕብረት የሚካሄደው ከግቢው ውጭ፣ አጠገባችን ካለው ቤተ ክርስቲያን ዛፍ ሥር ነው። ችግሩ የእኔ መደብ ያለው ልክ አጥሩን ታኮ መሆኑ ነው። ፀረ አረም ስትረጭ በነፋስ ወደ ጎረቤት ማሳ እንዳይሻገር ተጠንቀቅ ተብዬ ተምሬያለሁ። ጸሎት እንዳይሻገር ምን እንደሚደረግ ግን ያስተማረኝ የለም።

በአንዱ ምሳ ሰዓት የጸሎት ርዕስ ሲሰበሰብ ኮንትሮሉም ገባ። በታመመች አክስትና በብሔራዊ ፈተና መካከል እንደነበር ኋላ ሰማሁ። ፈተናውስ ጸሎት ቢያስፈልገው አይፈረድም፤ ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ግማሹን ነጥብና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። እንዲህ ያለ ውጤት በሚወጣበት አገር አምላክ የለሽ ተማሪ መፈለግ ድካም ነው።

ኅዳር ሲያልቅ ኮንትሮሉ ማገገም ጀመረ። አዲሱ ቅጠል አረንጓዴ ሆኖ ወጣ። ማስመሪያ ይዤ ብለካ፣ በሳምንቱ ብደግም፣ ያው ነው። ልጆቹ አጠገቤ ቆመው «ጌታ ይመስገን» ይላሉ፤ አንድ ረጅም ልጅ ብቻ ጫማውን ያያል።

አባቴ የመጣው በዚህ መሐል ነው። ታኅሣሥ 24ን፣ የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ልደት፣ እዚሁ ወላይታ ደብረ መንክራት ለማክበር። ገድሉን ሲተርክ፣ ጻድቁ ዳሞት ወርደው ንጉሥ ሞተለሚን ሲያጠምቁ አጠገባቸው ቆሞ ውሃ ያቀበለ ይመስላል። የተወለደው ጎጃም ዳሞት ነው። እዚህ ደርሶ ዳሞት ጋሌ፣ ዳሞት ሶሬ፣ ዳሞት ወይዴ፣ ዳሞት ፑላሳ የሚሉ የወረዳ ስሞች ሲሰማ በንዴት አየኝ። «ሁለት ቀን ሙሉ መኪና ላይ አሰቃይተኸኝ፣ ከዳሞት ወደ ዳሞት ነው ያመጣኸኝ?»

አከራዬ የቃለ ሕይወት እናት ናቸው። ለእንግዳ ሙቹዋ የሚባለውን የአገሩን ምግብ አዘጋጅተው በቅቤ ሊያርሱት ሲሉ እጃቸውን መለሱት። «ነቢያት ነው አይደል?» አሉና ቦይና ቀቅለው በዳጣ አቀረቡ። የአባቴ ዓይን ከዳጣው የተነሳ እያነባ፣ ቅቤው በሌላ ዕቃ ተከድኖ ከፊቱ ተቀመጠ። «ለገና ይቆይልዎታል፤ አምስት ቀን ነው የቀረው» አሉት። ጾመ ነቢያትን የሚቆጥር ጴንጤ አባቴ ከዚያ በፊት አላጋጠመውም። «ይቺ ሴትዮ ጴንጤ ናት ያልከኝ እርግጠኛ ነህ?» አለኝ ማታ በሹክሹክታ።

ጓሮ ወጥቶ እንሰቱን ሲያይ ደግሞ «ሙዙ መች ይደርሳል?» አለ። የአከራዬ ልጅ፣ ተማሪዬ ነው፣ በትሕትና አስረዳው።

«ፍሬው አይበላም አባባ። የሚበላው ግንዱና ሥሩ ነው።»

«በስንት ጊዜው?»

«በአራት ዓመት፣ በአምስት ዓመት። ስድስትም አለ።»

«ስድስት ዓመት ፍሬ ሳይሰጥ ቆሞ፣ ከዚያ ሥሩ ተቆፍሮ?»

«ተፍቆ፣ ጉድጓድ ገብቶ ይቦካል። ጉድጓዱ ውስጥ ቢከርምም አይበላሽም።»

አባቴ አማተበ። «በስመ አብ! ይኸ ተክል አይደለም ልጄ፤ መናኝ ነው።»

ከምሳ በኋላ ሰርቶ ማሳያዬን አሳየሁት። የኮምፖስቱን መደብ አይቶ ራሱን ነቀነቀ፤ ወደደው። ኮንትሮሉ ጋ ሲደርስ ቁጢጥ አለ። አፈሩን ቆንጥሮ በሁለት ጣቱ አሸው፣ ወደ አፍንጫው አቀረበው፣ እንደገና አሸው።

«ይኸ ነው ምንም ያላገኘው?»

«አዎ።»

«ፍግ በልቷል። የላም ነው። ደረቅም አይደለም፤ እርጥቡን ነው ያበሉት።»

የአሥራ ስድስት ዓመት ትምህርቴንና አንድ ማስመሪያዬን ይዤ አጠገቡ ቆምኩ። የምመልሰው ጠፋኝ።

በነጋታው ሳይሆን በሰኞው ረጅሙ ልጅ መምህራን ክፍል በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ያን እሑድ በቤተ ክርስቲያናቸው ስለ አካን ተሰብኮ ኖሯል፤ ከኢያሪኮ ምርኮ ሰርቆ ድንኳኑ ውስጥ ስለ ቀበረው ሰው። ስብከቱ ልጁን የነካው በግልባጩ ነው፤ አካን የቀበረው የሰረቀውን ነው፣ ይኸኛው የቀበረው የራሱን ልግስና ነው።

«ቲቸር፣ ኮንትሮሉን ያበላሁት እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«ጸለይንለት። አሜን ብለን ስንነሳ ዝም ብዬ መሄድ ከበደኝ። የዘበኛው ላም በረት ደግሞ እዚያው አጠገቡ ነው።»

ነገሩ በእኔና በእሱ መካከል ቢያልቅ ደግ ነበር። የዩኒት ሊደሩ ጆሮ ደረሰና «የትምህርት ቤት ሙከራ ላይ እጅ ማስገባት» በሚል ወላጅ ይምጣ ተባለ። የመጡት አያቱ ናቸው፤ ጋቢ የለበሱ፣ ከዘራ የያዙ፣ ዳሞታን በእግራቸው ወርደው የመጡ ሽማግሌ። ክሱ ሲነበብላቸው ሁለት ጊዜ አስደገሙት።

«ልጁ ጎመን ሰረቀ?»

«አይ አባቴ፣ አልሰረቀም።»

«ነቀለ?»

«አልነቀለም። ፍግ ጨመረ።»

«ጨምሮ ነው የጠራችሁኝ?»

ተቀምጠው ስለ ዋዱ አወሩን። የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት በ1962 ዓ.ም. ገደማ በዓለም ባንክ ብድር ሥራ ሲጀምር ጎልማሳ ነበሩ። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በብድር ሲመጣ ገበሬው አላምን ስላለ ባለሙያዎቹ ግማሹን መሬት ማዳበሪያ እየሰጡ፣ ግማሹን እየከለከሉ አሳዩን አሉ። በቆሎው ሲወጣ ልዩነቱ ከመንገድ ይታይ ነበር። «አመንን» አሉ፤ ትንሽ ዝም ብለው ደግሞ፣ «የተከለከለውን ጎን ግን ባለቤቴ ሳያዩ አመድ ትበትንበት ነበር» አሉ። ዩኒት ሊደሩ እስክሪብቶውን ከደነ። በሽታው በዘር የሚተላለፍ መሆኑ ስለ ታወቀ ልጁ በምክር ታለፈ።

አንድ የኬሚስትሪ መምህር ጓደኛዬ ይህን ሰምቶ «አየህ፣ ጸሎት የሚያስተምረው ስንፍናን ነው» ብሎ ተከራከረኝ። የት አይቶ እንደሆነ አላውቅም። እኔ ያየሁት ያለፈው በልግ የበቆሎ መደባችን ላይ ነው። የአሜሪካ መጤ ተምች ኢትዮጵያ ከገባ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ ይጎበኘናል፤ ቀን እምቡጡ ውስጥ ተሸጉጦ ይበላል። የመዘምራኗ ልጅ ቅጠሉን በጥንቃቄ ፈለቀቀች፣ ትሉን መዳፏ ላይ አስተኛችው፣ ግንባሩ ላይ የተገለበጠች ዋይ የምትመስል መስመር፣ ጅራቱ አካባቢ በአራት ማዕዘን የተቀመጡ አራት ነጥቦች አሳየችን። «እሱ ነው፤ ሌላ ተምች አይደለም» አለች። ቀጥላ «በኢየሱስ ስም!» አለችና በአውራ ጣቷ ጨፈለቀችው። ሐረጉና ጣቷ እኩል ነው የወረዱት። መስመሩን በሙሉ እንዲህ እያለች ጨረሰችው። ስንፍናው የቱ ጋ እንደገባ ጓደኛዬን መጠየቅ እፈልግ ነበር፤ እሱ ግን ሐዋሳ ስብሰባ ሄዷል።

የቀረው የሳይንሱ ጉዳይ ነው። ኮንትሮሉ ያገገመው በፍጉ ነው ወይስ በጸሎቱ? ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ፤ ረጅሙ ልጅ ብቻ ሁለቱም ጎራ ውስጥ ድምፅ ሰጠ። እኔ ደግሞ ሰው አይደለሁ፣ ተንኮሌ መጣ። «እንለየው» አልኩ። «አራት መደብ እንሥራ። አንዱ ፍግም ጸሎትም ያግኝ። አንዱ ፍግ ብቻ። አንዱ ጸሎት ብቻ። አንዱ ምንም።»

መጀመሪያ ያልተስማማው ሙስሊሙ ልጅ ነው። «አላህ ይፈተናል እንዴ ቲቸር?» አለ። ጴንጤዎቹ አብረውት አጨበጨቡ፤ በሃይማኖት ጉዳይ እንዲህ ሲስማሙ ያየሁት ያን ቀን ነው። የመዘምራኗ ልጅ ግን የተቃወመችው በሥነ ዘዴው ነው።

«ምንም የማያገኘውን መደብ ከየት እናመጣለን?»

«ዝም ትሉታላችኋ!»

«እኛ ዝም እንበል። የቃለ ሕይወት እናቶች ሌሊት አሥር ሰዓት ተነስተው ለትምህርት ቤቱ ግቢ በሙሉ ይጸልያሉ። ‹ከአጥሩ ጥግ ካለችው አራተኛ መደብ በስተቀር› በሉ ተብለው ይለመኑ?»

ሌላው ቀጠለ። «ኪዳን ላይ የእናንተ ቄስ ስለ ምድር ፍሬ ይለምኑ የለም እንዴ? የትኛውን ምድር ለይተው ነው?»

የዱቦው ልጅም አልቀረ። «እኛስ ብንተው፣ አያቴ በመቁጠሪያ ዳሞታን በየቀኑ ትዞረዋለች።»

ካርታ አወጣን። ከቦዲቲ እስከ ሁምቦ፣ ከአረካ እስከ አባያ ሐይቅ ዳር፣ ማንም ያልጸለየለት አንድ ካሬ ሜትር የሚጠቁም ጠፋ። ሁምቦ ላይ ተራቁቶ የነበረው ተራራ እንኳ ያልተጸለየለት አይደለም። 2,728 ሄክታር መሬት ተከልሎ፣ የጉቶው ቀንበጥ እየተገረዘ ደን ሆኖ ተመልሷል። እ.ኤ.አ. በ2009 በካርቦን ንግድ መዝገብ ሲገባ በወርልድ ቪዥን የተደገፉት የአካባቢው ማኅበራት አባላት ሲገርዙ እንደ ዋሉ፣ ሲጸልዩ ደግሞ እንዳደሩ ከዚያ የመጣች ልጅ ምላ ነገረችን።  የተቆረጠ ዛፍ ተስፋ እንዳለው ኢዮብ የተናገረውንም ጨመረችበት፤ እሱ ከወርልድ ቪዥን ይቀድማል። ሙከራው እዚህ ላይ ቆመ።

ለማንኛውም ትምህርቱ መቀጠል አለበት፤ በሚቀጥለው ሳምንት ያለ ዘር ስለ ማባዛት ደረስን። ምሳሌ ስጡ ስል የመዘምራኗ ልጅ ወጥታ እንሰት ሳለች። ለጋ እንሰት ከሥሩ ላይ ይቆረጣል። ከዚያ ማደጊያ ልቡ በቢላ ተፍቆ ይወጣል፣ ጉድጓዱ አፈርና ፍግ ይሞላል፣ ይቀበራል። ከጥቂት ወራት በኋላ ዙሪያውን ችግኝ ይፈላል፤ ከአንዱ ግንድ መቶ ያህልም ሊወጣ ይችላል። ጥሩ አልኩ። አልተቀመጠችም።

«ቤተ ክርስቲያናችንም እንደዚሁ ነው» አለች። የኤስ.አይ.ኤም. ሚሲዮናውያን ወላይታ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1928 ነው። በ1937 ጣሊያን ሲያስወጣቸው ትተውት የሄዱት 48 አማኝ ነበር። ጣሊያን ተባርሮ ሲመለሱ የጠበቃቸው 10,000 ያህል ሆኖ ነው። መጽሐፍ ያጠረው፣ መሪዎቹ እነ ዋንዳሮ የታሰሩበትና የተገረፉበት ሕዝብ ነው እንዲህ የበዛው። ጠመኔዋን እንሰቱ መሐል ላይ አሳረፈች። «ልቡን ሲያወጡበት ነው የሚፈላው ቲቸር።»

ክፍሉ ለአፍታ ዝም አለ። ከኋላ ማተብ ያሰረው ልጅ እጁን አወጣ። «ደህና። አፈሩን ከ700 ዓመት በፊት ያለሰለሰው ማን ነው? ተክለ ሃይማኖት አይደሉም?»

«ውሃውስ?» አለ የዱቦው። «ካፑቺኖችን ረሳችሁ።»

ሦስቱም ስለ አፈር ዝግጅትና ስለ እርጥበት የተናገሩት ልክ ስለነበር ነጥብ ሰጠኋቸው። የቀረው ከሥርዓተ ትምህርቱ ውጭ ነው።

ጥር ላይ ጎመኑ ደረሰ። የኮምፖስቱ መደብ ጥቅሉ ጥብቅ፣ ጭንቅላት የሚያህል ሆነ። የኮንትሮሉ በመጠኑ አነስ ያለ ነው፤ ግን ማንም ያልጠበቀው ዓይነት ነው። ሪፖርቱ ላይ ‹ኮንትሮል› የሚለውን ሰርዤ «የታዘነለት» ብዬ እንድጽፍ ጠየቁኝ። ጻፍኩ፤ እውነቱም እሱ ነው።

ከመሸጡ በፊት አሥራት ይውጣ የሚል ሐሳብ መጣ። እዚህ አገር ሰው ከእንቁላል፣ ከቅቤ፣ ከበቆሎ አሥራት ያወጣል፤ ከመንግሥት ጎመን ያወጣ ግን መኖሩን እጠራጠራለሁ። ገንዘቡ አንዴ በሞዴል 64 ከገባ የአሥራት የሂሳብ መደብ እንደሌለ ስላወቁ፣ በዓይነት ከአሥሩ ጥቅል አንዱ ይነሳ አሉ። ከየትኛው መደብ ይነሳ ሲባል አንዱ «ከትንንሾቹ» አለ። የመዘምራኗ ልጅ ዞር ብላ አየችው።

«ቃየን ነህ?»

ይህችን ጥያቄ የግብርና መምህር መሸሽ አይችልም። ወንድማማቾቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ሰብል፣ አንዱ እንስሳት እርባታ። የእንስሳቱ መሥዋዕት ተቀባይነት አገኘ፣ የሰብሉ ውድቅ ሆነ። ሰብል ሳይንስ ተምሬ የተመረቅሁ ሰው ነኝና ነገሩ ድሮም ያንገበግበኛል። «ለምን ይመስላችኋል?» አልኩ። ወላይታ ናቸውና ግማሹ ክፍል ጥያቄው ራሱ አልገባውም፤ በበግና በጎመን መካከል ምን ክርክር አለ? ረጅሙ ልጅ ግን ሲያስብበት የቆየ ይመስላል። «አቤል መርጦ ነው ያመጣው። ቃየን ያገኘውን ነው» አለ፤ አለና ከኮምፖስቱ መደብ ትልልቆቹን ይመርጥ ጀመር። ከታዘነለት መደብም አንድ ጨመረ፤ ያሳደገው እሱ ነው።

ለየትኛው ቤተ ክርስቲያን ይሰጥ ሲባል ግን እስከ ደወል ድረስ አልተስማሙም። በመጨረሻ ለጽዳት ሠራተኞቹና ለዘበኛው ይሁን ተባለ። የውጭው ቅጠል ለዘበኛው ላም ተወሰነላት፤ ማዳበሪያው የእሷ ነበርና። ጎመኑን አቅፈን ንብረት ክፍል ሄድን። ወይዘሮዋ ሞዴል 22 አወጡ፣ ካርቦኑን አስተካከሉ፣ መነጽራቸውን አደረጉ።

«ዓይነት?»

«ጥቅል ጎመን።»

«ምክንያት?»

«አሥራት» አለች የመዘምራኗ ልጅ።

ቀና ብለው አዩን። ጻፉ።

«ተቀባይ?»

ተያየን። «እግዚአብሔር» አለ ረጅሙ ልጅ ቀስ ብሎ።

ወይዘሮዋ አልሳቁም፤ ሠላሳ ዓመት መንግሥት ቤት የሠሩ ሰው ናቸው። ስሙን በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ሞልተው ወረቀቱን ወደ እኛ አዞሩት። «ያለ ፊርማ ከግቢ አይወጣም» አሉ። «ወኪል ካለው ወኪሉ ይፈርም። የውክልናውን ፎቶኮፒ ግን አያይዙ።»